ቀስት የሌለው ፋይል

የአባቶች ድምፅ ማቆያ ማኅበር
የሥራ አመራር ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ቡታጅራ፣ ከአቶ ከማሉ የቆርቆሮና የሚስማር መደብር በላይ የሚገኘው የማኅበሩ ቢሮ
የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከረፋዱ 4፡25 (አስቸኳይ ስለሆነ)

የተገኙ አባላት
1. አቶ ሰይፉ፣ ሰብሳቢ። በመዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ። ይህን ከራሳቸው አንደበት ያልሰማ በከተማው የለም።
2. አቶ ከማሉ፣ ምክትል ሰብሳቢና የቢሮው አከራይ።
3. አቶ ዘመድኩን፣ የወልቂጤ ቅርንጫፍ ተወካይ።
4. ወ/ሮ ባሂራ ሳኒ፣ ጸሐፊ። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በውክልና የተገኙ አባላት
5. አቶ ደምሴ። «ድምፄን ለአቶ አብዱልሃፊዝ ሰጥቻለሁ» ብለው የላኩ።
6. አቶ አብዱልሃፊዝ። «ድምፄን ለአቶ ደምሴ ሰጥቻለሁ» ብለው የላኩ።

ያለ ፈቃድ የቀሩ
7. አቶ ወልደማርያም። ባለፈው ግንቦት ያረፉ። ስማቸው ከዝርዝሩ እንዲወጣ ጸሐፊዋ ሦስት ጊዜ ጠይቃለች። ሰብሳቢው የመልቀቂያ ደብዳቤ አላስገቡም ብለው መልሰዋል።

ድምፅ የሌላቸው ተሳታፊዎች
ወ/ት ሕይወት፣ የኮምፒውተር ባለሙያ። ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተምራ የመጣች። ስለ ማሽኑ የምታውቅ ብቸኛ ሰው ስለሆነች የመናገር መብት የላትም።
ወ/ሮ እቴነሽ ወልደማርያም፣ ባለጉዳይ። ከቆሼ የመጡ። ከላይ በተራ ቁጥር 7 ያለ ፈቃድ ቀሩ የተባሉት ሰው ልጅ ናቸው፤ ዝርዝሩ ሲነበብ እዚያው ተቀምጠው ሰምተዋል።

ምልዓተ ጉባኤ

ከሰባት አባላት አምስቱ መገኘት አለባቸው። በክፍሉ ውስጥ የተያዙት የአባላት ወንበሮች አራት ናቸው። ሰብሳቢው በጣታቸው ሲቆጥሩ ስድስት ስለመጣላቸው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አበሰሩ። ጸሐፊዋ እንደገና ይቆጠር ብላ ነበር። እንደገና ተቆጠረ፤ አሁንም ስድስት ሆነ። ጣቱ ያው ጣት ነው።

ከስብሰባው በፊት ስለሆነው

ወ/ሮ እቴነሽ ቢሮ የደረሱት ከጠዋቱ 2፡30 ላይ ነው። የመጡበትም ጉዳይ አባታቸው ከማረፋቸው አራት ወር በፊት ማኅበሩ የቀዳውን የሃምሳ ሁለት ደቂቃ ድምፃቸውን ለመገልበጥ ነው። አቶ ወልደማርያም በዚያ ድምፅ የጎጆ ቤት ምሰሶ እንዴት እንደሚለካና እንደሚቆም ያስረዳሉ። በመጪው ቅዳሜ የወ/ሮ እቴነሽ ወንድም ቤት ምሰሶ ይቆማል፤ ልኩን ከአባትየው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በተጨማሪም፣ ወ/ሮ እቴነሽ ለጸሐፊዋ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መሐል ላይ ስሜን ይጠራኛል፤ እሱን ነው መስማት የምፈልገው» ብለዋል።

ወ/ት ሕይወት ድምፁን ከፍታላቸው አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ሰብሳቢው ገቡ፤ አጀንዳ ሳይጸድቅ ድምፅ አይሰማም ብለው አስቆሙት። የድምፅ ማጫወቻው ፕሮግራም ቆመ እንጂ አልተዘጋም። አንባቢ ይህችን ነገር ይያዝልኝ።

አጀንዳ 1፦ የኮምፒውተሩ ዲስክ ስለመሙላቱ

ሰብሳቢው ዲስኩ አፉ ድረስ መሙላቱን ገልጸው ተደጋጋሚ ፋይሎች ተለይተው እንዲወገዱ ሐሳብ አቀረቡ። በስክሪኑ ላይ ሲታይ የአቶ ወልደማርያም ድምፅ በስድስት ቦታ ተገኘ፦ «ዋና ክምችት»፣ «ቡታጅራ»፣ «ወልቂጤ»፣ «ቆሼ»፣ «ቤት አሠራር» እና «ሽማግሌዎች» በተባሉት ማኅደሮች። አቶ ከማሉ አንድ ሰው አንድ ነገር ስድስት ጊዜ የሚናገረው ከሚስቱ ጋር ሲጣላ ብቻ ነው አሉ። አቶ ዘመድኩን የትኛውም ቢጠፋ የወልቂጤው እንዳይነካ አሳሰቡ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም በአምስቱ ፋይሎች ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ቀስት እንዳለች፣ «ዋና ክምችት» ውስጥ ባለው ላይ ግን እንደሌለች ደረሱበት። ቀስቷ ማኅተም መሆኗን፣ አምስቱ ተረጋግጠው ማኅተም ያረፈባቸው ትክክለኛ ግልባጮች መሆናቸውን፣ ስድስተኛው ግን ማንም ያላየው፣ ማንም ያልፈረመበት ባዶ ወረቀት መሆኑን ለጉባኤው አስረዱ። «ማኅተም የሌለው ወረቀት ስኳር መጠቅለያ ነው» ብለዋል።

ወ/ት ሕይወት እጇን አወጣች። ድምፅ እንደሌላት ተነገራት። እጇን አላወረደችም። በዚህ አጀንዳ ዘመን ሁሉ እጇ ወደ ላይ እንደነበር ተመዝግቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቀስት የሌለው ፋይል እንዲሰረዝ በአምስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ከደገፉት ውስጥ አቶ ደምሴና አቶ አብዱልሃፊዝ ይገኙበታል፤ አንደኛው በዚያ ሰዓት ወልቂጤ ጥርሱን እያስነቀለ፣ ሌላኛው ቡታጅራ መናኸሪያ እቃ እያስጫነ ነበር። የተቃወመችው ጸሐፊዋ ናት። ምክንያቷን ስትጠየቅ «የልጅቷ እጅ» ብላ መለሰች፤ ምክንያቱ በቂ አይደለም ተባለ።

ስረዛውን ሰብሳቢው በገዛ ጣታቸው ከረፋዱ 5፡10 ላይ ፈጸሙ። ፋይሉ ወደ ማሽኑ የቆሻሻ ቅርጫት እንዳይገባ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫኑ፤ ከቅርጫት ወረቀት የሚለቅም ሌባ በሥራ ዘመናቸው ብዙ አይተዋል።

ሆኖም ከስረዛው በኋላ የዲስኩ ባዶ ቦታ ሲታይ ቅንጣት አልጨመረም። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ድምፅ ወጥቶ ቦታው እንደሞላ ነው። ሰብሳቢው ዲስኩን ለሸጠው ነጋዴ ጠንከር ያለ ደብዳቤ እንዲጻፍ አዘዙ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፤ ደብዳቤውም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አጀንዳ 2፦ የወ/ሮ እቴነሽ ጥያቄ

አቶ ከማሉ ሴትየዋ ከቆሼ ድረስ መጥተው ከጠዋት ጀምሮ ስለተቀመጡ ይስተናገዱ አሉ። ሰብሳቢው የአቶ ወልደማርያም ልጅ ስለመሆናቸው ማስረጃ ጠየቁ። አቶ ከማሉ፣ «ወላሂ አፍንጫዋን እዩት፣ ራሱ ወልደማርያም ቁጭ ብሎ!» አሉ። ሰብሳቢው አፍንጫ ሰነድ አይደለም ብለው፣ ለዛሬ ግን በአደራ እንደሚያልፉት ገለጹ።

«ቆሼ» ውስጥ ያለው ባለቀስት ፋይል ተከፈተ። ማሽኑ እንዲህ ያለ ፋይል የለም አለ። «ወልቂጤ» ተከፈተ፤ የለም አለ። አምስቱም በየተራ ተከፈቱ፤ አምስቱም የሉም። ወ/ሮ እቴነሽ፣ «ጠዋት ስሰማው ነበር እኮ! አሁን፣ ሁላችሁም ሳትመጡ በፊት!» አሉ።

ለወ/ት ሕይወት ሁለት ደቂቃ ተፈቀደላት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ወ/ት ሕይወት የተናገረችው ከሞላ ጎደል የሚከተለው ነው። «ቀስት ያለበት ፋይል ድምፁን አልያዘም። ውስጡ አድራሻ ብቻ ነው ያለው፤ 'ዋና ክምችት ሂድ' የሚል አንድ መስመር። ማሽኑን ከውስጥ ሆኖ የሚያስተዳድር ፕሮግራም አለ፣ ከርነል ይባላል። ቀስቱን ስትከፍቱት ከርነሉ አድራሻውን ያነባል፣ ወደተጻፈው ቦታ ይሄዳል። ቦታው ላይ ካጣ የለም ብሎ ይመለሳል። ቀስቱን ብትሰርዙ ዋናው ምንም አይሆንም። ዋናውን ስትሰርዙ ግን ለቀስቶቹ የሚያረዳቸው የለም፤ የሞተ ሰው አድራሻ ይዘው ይቀራሉ። ጋሽ ሰይፉ፣ ማኅተም አይደለም። ቀስት የሌለው እሱ ነበር ዋናው።»

ሰብሳቢው ቀስቱ ሲሠራ ከርነል የተባለው አካል የአድራሻውን ትክክለኛነት አጣርቶ እንደሆነ ጠየቁ። ወ/ት ሕይወት ሲሠራ እንደማያጣራ፣ የሌለ ቦታ ቢጻፍበትም ዝም ብሎ እንደሚቀበል፣ የሚያየው ሲከፈት ብቻ መሆኑን መለሰች። ሰብሳቢው እንግዲያው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው፣ በእሳቸው ጊዜ እንዲህ ያለ ሠራተኛ አንድ ቀን አያድርም ነበር አሉ። ከርነሉ ሥራውን ሳያጣራ በመሥራቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ተወሰነ። ማስጠንቀቂያው በየት በኩል እንደሚደርሰው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

አጀንዳ 3፦ ቀስቶቹን ስለመጠገን

አቶ ዘመድኩን ዋናው ከጠፋ ከቀስቶቹ አንዱ ዋና ተብሎ ይሾም፣ እሱም የወልቂጤው ይሁን አሉ። ሰብሳቢው ዋና መሥሪያ ቤት ቡታጅራ ሳለ ይህ እንደማይታሰብ ተናገሩ። አቶ ዘመድኩን ወልቂጤ ሁልጊዜ ተከታይ የምትሆነው እስከ መቼ ነው ብለው ተነሡ። አቶ ከማሉ ሁለቱንም አስቀመጧቸው። ወ/ሮ እቴነሽ በዚህ ጊዜ ሁሉ ወለሉን ይመለከቱ ነበር።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሁለቱን ከተሞች እኩልነት ለማክበር የቡታጅራው ቀስት ወደ ወልቂጤው፣ የወልቂጤው ቀስት ደግሞ ወደ ቡታጅራው እንዲጠቁም ተወሰነ። ወ/ት ሕይወት እንደማይሠራ ተናግራ ነበር፤ ትእዛዝ ነው ሲባል አደረገችው። ሲከፈት ማሽኑ ቀስት በዛብኝ የሚል መልስ ሰጠ።

ወ/ት ሕይወት ምክንያቱን ስትጠየቅ፣ ከርነሉ ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ እየተላከ እንደሚመላለስ፣ በሄደ ቁጥር እንደሚቆጥር፣ ከአርባ ሲያልፍ መጨረሻ የሌለው ዙር ነው ብሎ እንደሚተው አስረዳች። አቶ ከማሉ፣ «አርባ ጊዜ ተመላልሶ ገባው ማለት ነው? ወላሂ ከኛ ይሻላል!» አሉ፤ ይህ አይመዝገብ ብለውም ጠየቁ። ተመዝግቧል። አቶ ዘመድኩን አርባው የተቆረጠው በየትኛው ከተማ ላይ እንደሆነ ጠይቀው፣ ቁጥሩ ወደ ሰማንያ ከፍ ቢል ወልቂጤ ተጨማሪ ሃያ እንደሚደርሳት አሰሉ። ጉዳዩ ለንዑስ ኮሚቴ ተመራ። የንዑስ ኮሚቴው አባል አቶ ዘመድኩን ናቸው።

አጀንዳ 4፦ ማሽኑን አጥፍቶ ስለማስነሣት

ሰብሳቢው እስካሁን የተነገረው ሁሉ ልጅነት መሆኑን፣ ቴሌቪዥንም ሆነ ሬዲዮ ሲያስቸግር መድኃኒቱ ጠፍቶ መነሣት መሆኑን ገለጹ። አቶ ከማሉ ደገፉ፤ የእሳቸው የእህል ወፍጮም በዚሁ ነው የሚታረቀው።

ወ/ት ሕይወት ያለ ፈቃድ ተነሥታ «እንዳትነኩት!» ብላ ጮኸች። በዚህ ቢሮ ማንም እንዲህ ጮኾ አያውቅም፤ ጸሐፊዋ ግን ብዙ ጊዜ አስባዋለች።

ወ/ት ሕይወት ቀጥላ፣ ሰብሳቢው የሰረዙት ስሙን መሆኑን፣ ማጫወቻው ከጠዋት ጀምሮ ድምፁን ከፍቶ ስለያዘው ከርነሉ ሰው በእጁ የያዘውን ነገር እንደማያጠፋ፣ ቦታው ያልተለቀቀውም ለዚህ እንደሆነ ተናገረች። «ማሽኑ ከጠፋ ማጫወቻው ይለቀዋል። ያኔ በቃ፣ አለቀ። አሁን ግን አለ። ላሳያችሁ።»

አሳየችም። በማሽኑ ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮግራም በእጁ የያዘው ነገር የሚታይበት ዝርዝር አለ። እዚያም የሚታየው ቀስት ነው። በማጫወቻው ስም ሥር ካሉት ቀስቶች አንዱ የአቶ ወልደማርያምን ድምፅ የድሮ አድራሻ ይዟል፤ ከአድራሻው ጫፍ ላይ በእንግሊዝኛ የተጨመረ ቃል ነበር። አቶ ዘመድኩን ጮክ ብለው ተረጎሙት፦ «ተሰርዟል» ይላል።

ወ/ት ሕይወት፣ «ይሄ ቀስት እንደሌሎቹ አይደለም። ከርነሉ እዚህ ላይ የተጻፈውን አድራሻ አይከተልም፤ ቀጥታ ማጫወቻው የያዘውን ራሱን ነው የሚሰጣችሁ። እነዚያ አምስቱ ያሉ ይመስላሉ፣ የሉም። ይሄኛው ተሰርዟል ይላል፣ አለ። በፍላሽ ልገልብጠው፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ስጡኝ» አለች።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎታቸው «ተሰርዟል» የሚል የሰፈረበትን ሰነድ አንድ ጊዜ እንኳ ተቀብለው እንደማያውቁ፣ በስተርጅናም እንደማይጀምሩ ተናገሩ። ወ/ሮ እቴነሽ፣ «ጋሼ፣ እኔ ሰነድ አልጠየቅኩም፤ አባቴን ነው» አሉ። ሰብሳቢው ድምፅ የሌለው ሰው እንደማይናገር አስታወሱ።

ቀስቱ በግንባሩ ላይ መሰረዙን ስለሚመሰክር ዋጋ እንዳይኖረው፣ ማሽኑም ወዲያው ጠፍቶ እንዲነሣ በአምስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። አቶ ከማሉ ውሳኔውን ለማስፈጸም ወደ ግድግዳው ሄደው ሶኬቱን ያዙ።

የሥነ ሥርዓት ጥያቄ

በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋ፣ በአራት ዓመት አገልግሎቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ አለች። በዚህ ኮሚቴ ልቅሶም ልመናም አይሰማም፤ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ግን መብረቅም ቢሆን ያስቆማል። አቶ ከማሉ ሶኬቱን እንደያዙ ደረቁ።

ጸሐፊዋ አቶ ደምሴ የሰጡት ድጋፍ የማን ሐሳብ እንደሆነ ጠየቀች። ሰብሳቢው የተወካዩ የአቶ አብዱልሃፊዝ ነው አሉ። የአቶ አብዱልሃፊዝስ? የተወካዩ የአቶ ደምሴ ነው። የአቶ ደምሴስ? ሰብሳቢው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ጸሐፊዋ በስልክ ይጠየቁልኝ አለች። ካርድ ያለው ስልክ የአቶ ከማሉ ብቻ ስለነበር ሶኬቱን ለቀው ስልካቸውን አወጡ።

አቶ ደምሴ በጥጥ በታጨቀ አፍ «አብዱልሃፊዝ ያለው ይሁን» አሉ። አቶ አብዱልሃፊዝ ተደወለላቸው፤ «ደምሴ ያለው ይሁን፣ ሥራ ላይ ነኝ» አሉ። ተመልሶ ለአቶ ደምሴ ተደወለ። ጸሐፊዋ በየመሐሉ የመተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ በአንቀጽ አነበበች፤ ስታነብም አልቸኮለችም።

ወ/ት ሕይወት በዚህ ጊዜ ማሽኑ አጠገብ ምን ታደርግ እንደነበር ጸሐፊዋ አላየችም። ያላየችው አንድ አሮጌ ፍላሽ ነው። ዲስኩ ሙሉ ስለሆነ ሌላ መገልበጫ አልነበረም፤ ፍላሹም እንደ አሮጌ በሬ ቀርፋፋ ነው። ጸሐፊዋ ስለዚህ አንቀጽ አሥራ አራትን ሁለት ጊዜ አንብባዋለች።

ማሽን በአርባ ይበቃኛል ይላል። ኮሚቴው የቆመው በአሥራ ሰባተኛው ጥሪ ላይ የአቶ ከማሉ ካርድ ሲያልቅ ነው። ወ/ት ሕይወት በዚያችው ሰዓት ለጸሐፊዋ አንድ ጊዜ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ጸሐፊዋም ጥያቄዬ ተመልሷል ብላ ተቀመጠች።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከረጅም ውይይት በኋላ ሁለቱ ውክልናዎች የትም እንደማያደርሱ፣ በስብሰባው ላይ የተገኙት አራት አባላት ብቻ እንደሆኑ፣ ምልዓተ ጉባኤውም ከመጀመሪያው እንዳልተሟላ ታመነ። በመሆኑም ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ የፋይሉ ስረዛ፣ ለዲስክ ነጋዴው የሚጻፈው ደብዳቤ፣ ለከርነሉ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ፣ የሁለቱ ከተሞች ቀስት፣ የአቶ ዘመድኩን ንዑስ ኮሚቴና የማሽኑ መጥፋት፣ ይህ ቃለ ጉባኤም ጭምር፣ እንዳልነበረ እንዲቆጠር ተወሰነ። ሰብሳቢው ስረዛው ስለተሻረ ፋይሉ ወደ ቦታው መመለስ እንዳለበት ለወ/ት ሕይወት አጥብቀው አዘዙ። ወ/ት ሕይወት ማጫወቻውን ዘጋች፤ የተያዘው ቦታ ተለቀቀ። ፍላሹ ላይ ያለውን በቀድሞ ስሙ «ዋና ክምችት» ውስጥ አስቀመጠች፤ የሁለቱን ከተሞች ቀስትም ወደ ድሮው አድራሻቸው መለሰች። ሌሎቹን ሦስቱን አልነካቻቸውም፤ አድራሻቸው ላይ ሰው ሲመለስ በራሳቸው ነቁ። ፍላሹ አሁን በወ/ሮ እቴነሽ ነጠላ ጫፍ ተቋጥሯል።

ሰብሳቢው «ቆሼ» ውስጥ ያለውን ቀስት በገዛ ጣታቸው ከፈቱ። ተከፈተ። «አያችሁ? ውሳኔ ማለት ይህ ነው!» አሉ፤ እንዲመዘገብላቸውም ጠየቁ። ተመዝግቧል። ማንም አልሳቀም፤ ወ/ት ሕይወት ድምፁን ወደ አሥራ አንደኛው ደቂቃ ወስዳው ስለነበር ሰው ሁሉ ያዳምጥ ነበር።

«…ምሰሶው ሳይቆም ማገር የምትቆጥሩ ሰዎች፣ ተዉ። መጀመሪያ ምሰሶው። ልኩን አሁን አሳያችኋለሁ። እቴነሽ! እቴነሽ የት ሄደች? ነይ፣ ገመዱን ያዥልኝ።»

ወ/ሮ እቴነሽ ከወንበራቸው ተነሥተው «አቤት» አሉ።

ሰብሳቢው ድምፅ ስለሌላቸው ሰዎች ለማስታወስ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ዘጉት። ስብሰባው ከቀኑ 7፡40 ላይ ተበተነ።

እርማት፦ ከውሳኔው በኋላ የገባ ስለሆነ አልተሻረም። በተራ ቁጥር 7 ያለ ፈቃድ ቀሩ የተባሉት አቶ ወልደማርያም ከቀኑ 7፡31 ጀምሮ ተገኝተዋል።

ባሂራ ሳኒ፣ ጸሐፊ